ዕንባቆም ለጅብ የከፈተው መንገድ

የውቢት ጊደር ከተበላች ወዲህ ዕንባቆም አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አቅቶታል። ይቀመጣል፣ ይነሳል። ቆጮ ሲቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። ባለቤቱ ራሔል ብርድ የመታው መስሏት ግንባሩን ዳሰሰች፤ ትኩሳት የለውም። "ምን ሆነሃል?" ስትለው "ምንም" ይልና ዱላውን አንስቶ ወደ ተራራው ይወጣል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ሰው ያየኝ ይሆን ብሎ ተመልሶ ይወርዳል።

ዕንባቆም የተራራው ጠባቂ ነው። ከአንጋጫ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ ቀበሌ ውስጥ "ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ" ተብሎ የተከለለውን ተራራ ሲጠብቅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሥራው ሲሰጠው ተራራው እንደ ተላጨ ራስ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ቀይ ጎርፍ እየወረደ የሰዉን እንሰት ከነሥሩ ይነቅለዋል። ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ። ከዚያ በኋላ ያለው የዕንባቆም ድካም ነው። ፍየል ያባረረው እሱ፣ ማጭድ የቀማው እሱ፣ በዚሁ ጣጣ ከገዛ አማቹ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነጋገረው እሱ። በአራተኛው ዓመት ሣሩ ወገብ ደረሰ። በስድስተኛው ዓመት ደርቆ የኖረው ምንጭ ከተራራው ሥር ፈለቀ፤ ዛሬ የሠፈሩ ሴቶች በጀሪካን የሚቀዱት ከሱ ነው። ያን ጊዜ ሰዉ "የዕንባቆም ተራራ" ማለት ጀመረ። እሱም በጸሎት ቤት ውስጥ ከኋላ ወንበር ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ መቀመጥ ለመደ።

ተራራው ሲለብስ ግን የመጣው ምንጭ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ሚዳቋ መጣች። ቀጥሎ ቀበሮ። ከዚያ የሠፈሩ ሰዎች ልጆች ሆነው ድምፁን ሰምተው የረሱት ጅብ ተመለሰ።

ይሄኔ ዕንባቆም ማንም ሳያዘው አንድ ዘዴ ዘየደ። የሞተ ከብት መቅበር የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ መሬቱ ግን ድንጋይ ነው፣ ሰዉም ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ ጥጃ የሞተበት፣ አህያ የወደቀበት ሁሉ "እባክህ ወንድም ዕንባቆም፣ ወስደህ ቅበርልኝ" ይለዋል። እሱም እሺ ብሎ በገመድ ይጎትትና ከተራራው ወገብ ላይ ካለው ገደል አፍ ይጥለዋል። አይቀብረውም። የጠገበ ጅብ ወደ ሰው ደጅ ምን አመጣው ብሎ አሰበ። የሚጎትተውም ሁልጊዜ በአቋራጩ፣ በውቢት አጥር ሥር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዶሮ እንኳ አልተነካም። ዕንባቆም በልቡ ኮራ። አገሩ ሰላም ያደረው በኔ ነው እያለ፣ ግን ለማንም ሳይናገር።

ዘንድሮ መስቀል ላይ ሰዉ በየቡድኑ ተጋርቶ በሬ ጣለ። አንጀቱን፣ ፈርሱን፣ አጥንቱን በማዳበሪያ እየሞሉ ሰጡት። ሦስት ቀን ሙሉ ከመንደር እስከ ገደሉ ሲጎትት ሰነበተ፤ የማዳበሪያው ደም በአቋራጩ ሣር ላይ ተንጠባጠበ። መስቀል አለፈ። ከዚያ በኋላ ምንም የሚጎተት ነገር ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ጅቦቹ ገደሉ አፍ ላይ ጠብቀው ጠብቀው የሚያመጣላቸው ሲያጡ፣ ከሚመጣበት ድረስ ሊቀበሉት ወረዱ።

ማክሰኞ ጠዋት የውቢት ጩኸት ሠፈሩን ሰበሰበው። ውቢት ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ በአንጋጫ ገበያ ድንች እየቸረቸረች ነው ቤቷን የምታስተዳድረው። በኩሯን ያረገዘችው ጊደር ብቸኛ ከብቷ ነበረች። ከበረቱ የተረፈው ራስና ሰኮና ነው። ሰው ሁሉ በረቱን ከቦ ሲያዝን ዕንባቆም ወደ አጥሩ ጀርባ ዞረ። የጅቦቹ ዱካ በሌላ በኩል አልመጣም። ማዳበሪያው ሣሩን ያስተኛበትን መሥመር ይዞ፣ ቀጥ ብሎ፣ እስከ አጥሩ ወርዷል። ዕንባቆም ግራና ቀኝ ተመለከተና ዱካውን በጫማው አበሰው።

ረቡዕ በቀበሌው ግቢ ስብሰባ ተጠራ። ነህምያ የሚባለው ወጣት የወረዳ ባለሙያ በሞተር ብስክሌት መጣ።

"ጅብ ጥንብ ያነሳል፣ በሽታ ይከላከላል" አለ ነህምያ። "መግደል ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል።"

"ያነሳል እንጂ!" አለች ውቢት ከሴቶቹ መሀል። "ጊደሬን አንስቶልኛል።"

ሰዉ ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ አፈረ።

"እህቴ፣ አዝናለሁ። በረትሽ ግን ጠንካራ ቢሆን ኖሮ..."

"በረቴ ምን ሆነ? ጤና ኤክስቴንሽኗ ናት 'ከብት ከሰው ጋር አይደር፣ ለብቻው ሥሪለት' ያለችኝ። በሸምበቆ ሠራሁለት። እናቴ ላሟን ከራስጌዋ አስራ ስትኖር ጅብ አንድ ቀን አልበላባትም። እኔ ሠልጥኜ አስበላሁ!"

ጋሼ ጠና ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ነገሩን አታርዝሙት። ተራራው ራቁቱን ሳለ ጅብ የት ይደበቅ ነበር? ያለበስነው እኛ ነን። ይመንጠርና ይሄዳል።"

"ምንጩስ ጋሼ ጠና?" አለ አንዱ።

"ምንጩን ጅቡ ይጠጣው!"

"ኧረ ጥቂት ቢቀሩ ምናለ፣ እኛን ያስቸገረን መብዛታቸው ነው" አለ ሌላው።

"ጥሩ፤ አንተ ሂድና ምረጥ" አሉት ጋሼ ጠና። "ምስኪኖቹን አስቀርተህ ሌቦቹን አባርልን።"

ዕንባቆም ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። "ይመንጠር" የምትለዋን ቃል ሲሰማ አንገቱን አዙሮ ተራራውን አየ።

ነህምያ ሞተሩን አስነስቶ እንደሄደ ሊቀመንበሩ ፍሬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው እንዲህ ከተቆጣ ወይ ተራራው ይመነጠራል፣ ወይ ጅቡ ይጠፋል። እኔ ጅቡ ቢጠፋ እመርጣለሁ። አንድ ፍየል መርዞ ከሚመላለስበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቦታውን የሚያውቅ ማን ነው?"

ዓይን ሁሉ ወደ ዕንባቆም ዞረ።

"ነገ ሆሳዕና ሄደህ መድኃኒቱን ግዛ" አለው ፍሬው። "አንጋጫ ከገዛህ ወሬው ካንተ ቀድሞ ይገባል።"

"እሺ" አለ ዕንባቆም። እሺ ያለበትን ምክንያት በልቡ ያውቀዋል። ጅቡ ከሞተ ተራራው ይተርፋል፤ የጎተተበት መንገድ ነገርም ከጅቡ ጋር ይቀበራል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሆሳዕና መናኸሪያ ወረደ። አንድ ደላላ እጅጌውን ያዘው። "ፋዘር፣ አዲስ አበባ ነህ? የቀረው አንድ ሰው ነው!" ዕንባቆም እጁን አስለቀቀ። ሻይ አዘዘ፤ ሳይጨርስ ከፍሎ ወጣ። የእርሻ መድኃኒት የሚሸጡትን ሱቆች ሦስት ጊዜ አልፎ ተመለሰ። በመጨረሻ አንዱ ዘንድ ገባ። ባለሱቁ ኸይረዲን ነገር በቶሎ የማይለቅ፣ ትሑት ሰው ነበር።

"ለምን አዝመራ ነው ወንድሜ?"

"ለድንች።"

"ቅጠሉ ይጠቁራል ወይስ ትል ነው?"

"ትል።"

"ትሉ ምን ይመስላል?"

ዕንባቆም አሰበ። "ትልቅ ነው" አለ።

ኸይረዲን ሳቀ። "ትልቅ! እንዲህ ከሆነማ ድንቹን ትቶ አንተን ይበላሃል።" ከመደርደሪያው አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወረደ፣ ግን ወዲያው አልሰጠውም። "ስማኝ፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። በባዶ እጅህ እንዳትነካው። ዶሮም ውሻም እንዳይደርስበት። ከሁሉ በላይ ውሃ። ከውሃ በላይ ባለ ቦታ እንዳትጠቀምበት፣ ዕቃውንም ምንጭ ዳር እንዳታጥብ። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ አልሰማኝም፤ ከታች በኩል ከወንዙ የጠጡ ሁለት ላሞች ተዘርግተው ተገኙ። መሬቱ ተዳፋት ነው?"

"ተዳፋት ነው።"

"ከሥሩስ ውሃ አለ?"

ዕንባቆም ገንዘቡን አውጥቶ ቆጠረ። ገደሉ ከምንጩ በላይ ነው። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ አላሰበውም ነበር።

ወደ አንጋጫ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ጠርሙሱን በኮቱ ሥር ይዞ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ሴት የጎመን ዘንቢሏን ወደ ጉልበቱ አስጠጋች፤ እሱ ሸሸ። ደግማ አስጠጋች፤ ደግሞ ሸሸ። "አንተ ሰውዬ፣ ጎመን ይናከሳል?" አለችው። የተቀመጡት ሳቁ። ዕንባቆም ከመውረጃው አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወረደና በእግሩ ቸኮለ። ወደ ሊቀመንበሩ ቤት የሚያስገባው መንገድ ላይ ሲደርስ እግሩ አልታዘዝ አለው። ወደ ውቢት ቤት ታጠፈ።

ውቢት ደጇ ላይ ተቀምጣ ለቅዳሜ ገበያ ድንች ትለያለች።

"ገዛህ?"

"ገዛሁ።"

"እሰየው። ተቀመጣ።"

"ቆሜ ይሻለኛል። እህት ውቢት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።"

ነገራት። ገደሉን፣ የመስቀሉን ማዳበሪያ፣ አቋራጩን። እየተናገረ ከደጁ ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል፤ እሷ በዓይኗ ትከተለዋለች። "ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ዱካውን በጫማዬ ያበስኩት እኔ ነኝ" ብሎ ሲጨርስ ብቻ ቆመ።

ውቢት የያዘችውን ድንች አስቀመጠች። "ይሄን ማን ያውቃል?"

"ማንም።"

"ራሔልስ?"

"አታውቅም።"

"ዝም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ታዲያ ምን አናገረህ?"

"መርዙን የማስቀምጠው ከምንጩ በላይ ነው። አንቺም የምትጠጪው ከዚያው ነው። ደግሞም መቀመጥ አቃተኝ።"

ውቢት ተነሥታ ነጠላዋን አጠበቀች። "በል ውሰደኝ፤ ቦታውን ላየው።"

ገደሉ አፍ ሲደርሱ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። አጥንቱ በየድንጋዩ መሀል ተበትኗል። ሣሩ እንደ ገበያ ሜዳ ተረጋግጧል። ውቢት በዱላ ጫፍ አንድ ሰማያዊ ገመድ ከአጥንቶቹ መሀል አነሣች።

"ይቺ የአህያዬ ገመድ አይደለችም?"

ዕንባቆም አቀረቀረ።

"ቀበርኩልሽ ብለኸኝ ነበር። ቆጮ በጎመን አበላሁህ። እግዚአብሔር ይስጥህ አልኩህ።"

"ብለሽኛል።"

ቁልቁል የጎተተበትን መሥመር ይዛ ወረደች፤ እሱ ከኋላ ከኋላዋ። የገዛ አጥሯ ሥር ስትደርስ ዞር ብላ ወደ ላይ አየች። "ለጅብ አስፋልት ሠርተህለታል" አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። "ጠርሙሱን አምጣው።"

ሰጣት። "ትደፊዋለሽ?"

"የት ልድፋው? ምንጩ ውስጥ? አልደፋውም። እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ያን ሁሉ አጥንት ትቀብራለህ። ይሄን መንገድ ቆፍረህ እሾህ ትተክልበታለህ። ከሠፈሩ ሰው ጋር ሆነህ በረቴን በወፍራም እንጨት ታጥርልኛለህ። ከዚያ በኋላ አንድ ጅብ በዚህ አጥር ሥር ካለፈ ግን ይሄን ራሴ ይዤ እወጣለሁ፤ ተራራም ምንጭም አልሰማም።"

"ለፍሬውስ ምን እንበለው?"

"እንበለው? አንተ ትነግረዋለህ እንጂ። በጉባኤው ፊት፣ ለኔ እንደነገርከኝ። ዱካውን ማበስህን እንዳትዘል!"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዚያው ግቢ ተናገረ። ጋሼ ጠና "እኛ ጅብ ስንረግም ቀላቢው ለካ እዚሁ ቆሟል!" ብለው ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። ከጥበቃው ይነሣ ያሉ ነበሩ፤ አማቹ ከሁሉም በላይ ጮኸ። ሦስት አራት ሰዎች ደግሞ ድምፃቸውን አላሰሙም፤ "ቅበርልኝ" ብለው ሰጥተው ተመልሰው ያላዩ ናቸው። በመጨረሻ ፍሬው ወደ ውቢት ዞረ፤ የተበላባት እሷ ናት። ውቢት የምትፈልገውን ተናገረች፣ ጠርሙሱ ያለው እሷ ዘንድ መሆኑንም ጨመረች። የጥበቃው ነገር እስከ ወሩ መጨረሻ ይታይ ተባለ። ስለ ምንጠራ ያን ቀን ማንም አላነሣም።

አሁን ዕንባቆም ይቆፍራል። መሬቱ እውነትም ድንጋይ ነው፤ ዶማው እየነጠረ ክንዱን ያደነዝዘዋል። መንገደኛ ሲያልፍ "ዕንባቆም፣ ለጅቡ ቤት ነው የምትሠራለት?" ይለዋል። አንዳንዱ ዶማ ይዞ መጥቶ ለግማሽ ቀን ያግዘዋል፤ ጋሼ ጠና እንኳ አንድ ጠዋት መጥተው ጉድጓዱ አነሰ ብለው ተቆጥተውት ሄዱ። ጅቦቹ ምን እንደሚያስቡ ግን ማንም አያውቅም። ገደሉ አፍ ላይ አዲስ ዱካ ያያል፤ መጥተው፣ አሽትተው፣ ምንም ሳያገኙ የተመለሱበትን። ወዴት እንደተመለሱ ሊያውቅ ተከትሎ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ዱካው ይጠፋበታል።

በየጠዋቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ቁርስ ሳይቀምስ፣ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውቢት አጥር ነው። ጎንበስ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሬቱን ያያል። ጨርሶ፣ ተጠራጥሮ እንደገና ያያል።

"ዛሬ የለም!" ይላል ወደ ውስጥ።

"ነገስ?" ትለዋለች ውቢት ከቤት ሆና።

እሱ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሽቅብ ይወጣል።