የውርጭ የመጨረሻ ዘፈን

እሌኒ ወልደ ሩፋኤል መቀመጥ የማይሆንላት ሰው ናት። ደባርቅ ውስጥ ተራራ ወጪዎች በሚያርፉበት ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው ክፍል ትሮጣለች፤ ባጃጅ ጠብቃ አታውቅም፣ በእግሯ ትቀድመዋለች። እናቷ በሕይወት ሳሉ «ይችን ልጅ ምን ነካብኝ?» እያሉ ከጠበል ጠበል አዙረዋታል። ጠበሉ ያላስቀመጣትን ድራም አስቀመጣት። ሆቴሉ ያረፈች አንዲት እንግዳ በስልኳ ጩኸት የበዛበት ሙዚቃ አሰማቻት። ግራንጅ ነው፣ ፓንክ ነው አለቻት። እሌኒ ስሙ አልገዳትም፤ የገረማት እንዲያ የሚጮኹት ሴቶች መሆናቸው ነው።

ውሎ አድሮ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ ሕሊና ጊታር፣ ዘቢደር ቤዝ ጊታር፣ እሌኒ ድራም ይዘው «ውርጭ» የሚባል ባንድ አቆሙ። ከእነእሌኒ ግቢ ጀርባ ያለው የዘቢደር አጎት የእህል መጋዘን መለማመጃቸው ሆነ። የከተማው ሰው ያላለው የለም። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ግን አንድ ነገር ብቻ አሏት።

«በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም። በቤተ ክርስቲያንም እንኳ ይሰቀላል። ይህችን ጠብቂልኝ፤ የቀረውን አንቺና ፈጣሪ ትጨርሱታላችሁ።»

ቃል ገባች።

አልበም ለመቅዳት ሲነሡ ታዲያ ጾሙ ሳይገባ እንጨርስ ብለው የቅበላን ሰሞን መረጡ። ሦስት ያገሬው ልጆች ይህን እንዴት ይስቱታል! ደባርቅ በቅበላ መቼ ጸጥ ይልና ነው? የመጋዘኑን ግድግዳ በአጎዛ ሸፍነዋል፤ ድምፅ ቀራጩ ፀጋው መቅረጫውን ከጎንደር ጭኖ መጥቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጓል፤ ሕሊና አፏን ስትከፍት ከአጥር ማዶ ሊታረድ የተጎተተ በግ ይጮኻል። በጉ ዝም ሲል ሰካራም ይቀጥላል። «የበጉንም ስም አልበሙ ላይ እንጻፍለት?» ይላል ፀጋው። እንዲህ እየተቆራረጠ እሑድ ማታ አንድ ዘፈን ብቻ ሲቀር መብራት ጠፋ።

ሲነጋ መብራት መጣ። ጾሙም ገብቷል።

የፀጋው መቅረጫ የውሰት ነው፤ ያን ቀን ጎንደር መመለስ አለበት። የቀረው ዘፈን ደግሞ እሌኒ ራሷ የደረሰችው «አልቀመጥም» ነው፤ በድራም ተነሥቶ በድራም የሚያልቅ።

«ይሄ እኮ ድራም ነው፣ ከበሮ አይደለም!» አለች ሕሊና።

«አባቴን እንዲያ ብዬ ላሞኛቸው?»

«ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ማን ይነግራቸዋል?» አለች ዘቢደር።

እሌኒ መጋዘኑን ትዞረው ጀመር። የያዛት ጽድቅ አልነበረም፤ አባቷ ከዚህች ሌላ ምንም ጠይቀዋት አያውቁም። ብትመታ ማታ ዓይናቸውን በምን ዓይኗ ታያለች? ባትመታ ደግሞ ዘፈኑ ምኑ ይተርፋል? የድራሙን እንጨቶች አጎዛው ላይ ወረወረቻቸው።

«ያለኔ ቅዱት» አለች።

ቀዱት። ጊታሩ ይቸኩላል፣ ቤዙ ይጎተታል፣ የሚይዛቸው የለም። እሌኒ ጥግ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲያልቅ ማንም ጥሩ ነው አላለም። ፀጋው ገመዱን ጠቀለለ።

መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ልጃቸውን ደጅ ላይ ስትንቆራጠጥ አገኟት።

«ጨረሳችሁ?»

«ጨረስን።»

«ድራሙንስ መታሽ?»

«አልመታሁም። ዘፈኔም ሞተ፤ ደስ ይበልዎት!»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። እንዲህ መልሳላቸው አታውቅም።

መሪጌታ አልተቆጡም። መደቡ ላይ ተቀመጡና «ደስስ አላለኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ማሕሌት ከቆምሁ ጀምሮ በጾም እጄ አርፎልኝ አያውቅም። ከበሮው ሲሰቀል ሰውነቴ ሁሉ ይቁነጠነጣል። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ልጄ።»

እሌኒ አጠገባቸው ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ የአባቷ ጣቶች ጉልበታቸው ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። መጀመሪያ የማሕሌት ምት መስሏት ነበር። ኋላ ግን ለየችው፤ ከጓሮ ስንት ወር ሲሰሙት የከረሙት «አልቀመጥም» ነው። አንዲት ምት አልሳቱም።

ሳቅም እንባም መጣባት።

«አባባ» አለች፣ «ጾም እኮ ነው።»

መሪጌታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።