የአራቱን ካሴት ዳግም ስንሰማ

የስፌት መኪና ዘይት በሸተተኝ ቁጥር የዚያን ዕለት ሰዎች አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። የቤቱ ባለቤት ልብስ ሰፊዋ አለች፤ ከመኪናዋ ሳትነሳ። ያሳደገችኝ አክስቴ አለች፤ ነፍሷን ይማር። ለአንድ ዓመት ቆቦ ተመድቦ መጥቶ የሰፈራችን ሰው ሆኖ የቀረው አስተማሪ አለ። ሳቋ የማያልቀው ጓደኛዬ አለች። ከበሮ መቺው በሩ ሥር ተቀምጧል። ስድስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ቴፑ አጠገብ፣ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ።

ልጅ ካሳደግሁ ወዲህ የትም ስሄድ ሰው መቁጠር ልማዴ ነው። እነዚህን ስቆጥር ግን ከበሮ መቺው ላይ ስደርስ ልቤ ይረበሽ ነበር። ለብዙ ዓመት እንዲህ ነበርኩ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ በእኛ አገር ሦስት የሙዚቃ ቡድኖች ነበሩ፤ የቆቦ፣ የጎብዬና የዋጃ። ያለ እነሱ ሰርግ አይደምቅም። የአንዱ ወዳጅ ደግሞ ሌላውን መስማት አይፈልግም። አክስቴ የቆቦ ነበረች፣ ልብስ ሰፊዋ የጎብዬ፤ የማን ማሲንቆ ይበልጣል ተባብለው ሳምንት ሙሉ ሲኮራረፉ አይቻለሁ። አንድ ዓመት ታዲያ የማይታመን ወሬ መጣ። የቆቦዋ ዘፋኝ፣ የጎብዬው ማሲንቆ ተጫዋች፣ የዋጃው ኦርጋን ተጫዋችና የእኛው ሰፈር ከበሮ መቺ ከየቡድናቸው ወጥተው አንድ ላይ ካሴት ሊሠሩ ነው ተባለ። ለራሳቸው ስም እንኳን አላወጡም። ሰዉ ነው «አራቱ» ያላቸው።

ማሽላው ሲዘራ ደሴ ሄዱ፤ ሲያሽት ካሴቱ መጣ። በመሃል ያለውን ጊዜ ሁላችንም በጉጉት ነው ያሳለፍነው። አንዱ ብቻውን ሰርጉን የሚያስጨፍር ከሆነ አራቱ ሲሰበሰቡማ ቤት ያፈርሳሉ ብለን።

ከበሮ መቺው በልብስ ሰፊዋ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ካሴቱን ከማንም በፊት ያመጣው ለእኛ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ነበርኩ፤ ነገር እንዳይበላሽ መጠንቀቅ ግን አብሮኝ የተወለደ ነው። ጉልበት እንዲያገኙ ብዬ ባትሪዎቹን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ክሩ እንዳይጠመጠም ካሴቱን በእርሳስ አዙሬ አጠበቅሁት። ከሰዓት በኋላ ነበር። ቆርቆሮው በሙቀት ቋ ቋ ይላል፤ በምስማር ቀዳዳው የገባው ብርሃን ያልተሰፋው ጨርቅ ላይ እንደ ሳንቲም ተበትኗል።

«ማንም ድምፅ እንዳያሰማ!» አልኩ። «ባትሪው ደክሟል፤ ያመለጠንን መልሰን መስማት አንችልም።»

«ወላሂ ይቺ ልጅ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ፍርድ ቤት ገባን እንዴ?»

ግን ታዘዘችኝ፤ መኪናዋን አቆመች። የጓደኛዬ እግር መሬቱን መምታት ሲጀምር ጉልበቷን ያዝኩት። አክስቴ ልታጨበጭብ እጇን ስታነሳ ዓይኔን አፈጠጥኩባት፤ አወረደችው። ሁላችንም እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ሰማን።

ዘፋኟ አንድ ስንኝ ትላለች። ከዚያ ኦርጋኑ ዝም ይላል፣ ማሲንቆው ይሸሻል፣ ከበሮው ከሩቅ እንደሚመጣ እርምጃ ዱብ ዱብ ይላል። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ሁለተኛው ስንኝ፤ ደግሞ ያው ባዶ። አንዱ ዘፈን እንዲህ ሲያልቅ ቀጣዩ ይሻላል ብለን ጠበቅን። አልተሻለም። በመጨረሻ ቁልፉ ቀጭ ብሎ ተነሳ።

«ጥሩ ጥረት ነው» አለ አስተማሪው፣ የሰነፍ ተማሪ ደብተር እንደሚያርም ሰው።

«ዘፋኟ ታማ ነበር እንዴ?» አለች አክስቴ።

ከበሮ መቺው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ፣ ጠንቃቃዋ? ምን ትያለሽ?»

«ጎደሎ ነው» አልኩት። «በየመሃሉ ባዶ ነው። ሠርታችሁ ያልጨረሳችሁት ይመስላል።»

«ባዶ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

ትንሽ አየኝና ፈገግ አለ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ፤ ካሴቱን እንኳን አልወሰደም።

ከተማውም እንደ እኛው ፈረደ። አራት ሆነው አንድ ሰው አላከሉም ተባለ። ሦስቱ ወደየቡድናቸው ተመለሱ። ከበሮ መቺው ግን ወር ሳይሞላው ፍራሹን መኪና ላይ ጭኖ ወደ አፋር ወረደ። እኔን ሳይሰናበት ነው የሄደው። አፌ እንዳባረረው አመንኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ ልጅ ወለድኩ፤ ልጄ የሠራችውን ይዛ «እማ፣ እንዴት ነው?» ስትለኝ የጎደለው ቁልጭ ብሎ እየታየኝ «ግሩም ነው የኔ እናት» እላታለሁ። ሰው ሠርቶ ሲያመጣ አፌ ይታሰራል።

ባለፈው በጋ የልብስ ሰፊዋ የልጅ ልጅ ተዳረች። እኛ ሴቶቹ እዚያው ቤት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እየላጥን ነበር። ልጄ ስልኳን፣ ድምፁ እንዲጎላ፣ ባዶ ጣሳ ውስጥ አቆመችው።

«ውኃው አጠገብ አታድርጊው፤ ደግሞ ቢላው ስለታም ነው» አልኳት።

«እሺ እማ። የድሮ ነገር አግኝቻለሁ፤ አንድ ሰው ከካሴት ገልብጦ ለቆታል። የቆቦ ነው ይላል።»

መጀመሪያ የካሴቱ ሽሽሽታ መጣ። ገና ዘፋኟ አፏን ሳትከፍት አወቅሁት። ዝጊው ልላት ነበር፤ አፌ አልታዘዘኝም። እጃችን ሥራ ይዟል፣ አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ሽንኩርት ታጥባለች፤ ዝም ያለ ሰው የለም። ዘፋኟ የመጀመሪያውን ስንኝ አለች። ኦርጋኑ ዝም አለ። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሳ ተቀበለች፤ ሰርግ ላይ እንደምትቀበለው። በሁለተኛው ስንኝ ጓደኛዬ ቢላዋን አስቀምጣ አጨበጨበች። በሦስተኛው ሁላችንም ገባን። የእኛ ድምፅ ሲያልቅ የዘፋኟ ስንኝ ጀመረ፤ አንዲት ትንፋሽ አላለፈም፣ አላነሰም። ያ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስለኝ ከበሮ እኛን ነበር ይዞ የሚሄድ።

በእኛ አገር ሰው ብቻውን ዘፍኖ አያውቅም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እጅ ያለው ያጨበጭባል። አራቱ ይህን ያውቃሉ፤ ቦታችንን ትተውልን ነበር። እኛ ግን ካሴት ነው፣ ክቡር ነገር ነው ብለን እንደ ፈተና ቤት ተቀመጥን። ያስቀመጥኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

አስተማሪው ለሰርጉ ወንበር ተሸክሞ ሲገባ በሩ ላይ ቆመ። «ይህ ያ የደከመው ካሴት አይደለም?»

«ማን ነው የደከመ ያለው?» አለች ጓደኛዬ። «እኔ ያኔም ወድጄው ነበር።»

«ውሸታም!» አለቻት ልብስ ሰፊዋ። «ኦርጋኑን አፈኑት ብለሽ ስታለቅሺ አልነበር?»

«አንቺስ እትዬ? የጎብዬን ማሲንቆ ገደሉት ያልሽው ማን ነው?»

«እኔስ ምን ብዬ ነበር?» አለ አስተማሪው።

«ጥሩ ጥረት ነው!» አልነው ሁላችንም።

«በሉ እሺ፣ ድጋሚ ፈተናውን እኔ ልቀመጥ» አለና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሙሉውን ሰማ። የመጨረሻው ዘፈን አሁንም ይንዛዛል አለ፤ እውነቱን ነው፣ ይንዛዛል። ሌላውን ግን እንደ እሱ ያለ ካሴት ከዚያ በኋላ አልሠሩልንም ብለን ተስማማን።

ያን ጊዜ አላስቻለኝም፤ ለከበሮ መቺው ያልኩትንና ስንት ዓመት እንደከበደኝ ነገርኳቸው። አስተማሪው የማሲንቆ ተጫዋቹ ስልክ ነበረው፤ ጎብዬ ደወለለትና ነገሩን አጫውቶት ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ባዶ ነው ያለችው ልጅ እሷ ናት?» አለ ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። «በማግስቱ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር እኮ! ሌላው ሁሉ እኛን ነው የሚያማው፣ አንዲት ልጅ ብቻ ቦታውን ሰማችው አለኝ። ደስ ብሎት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሄደ?»

«የመኪና ረዳትነት ሥራ ደሴ እያለን ነው የተስማማው። እናቱ ከሱ በቀር ጧሪ የላትም። ከበሮውንም ይዞ ነው የወረደ። አንቺ አላባረርሽውም፤ አብሽሪ።»

ልጅ አዝላ ሩቅ መንገድ የሄደች ሴት ልጁን ሲያወርዱላት ጀርባዋ ቀልሎ ትንገዳገድ የለም? እንደዚያ ሆንኩ። ልጄ ውኃ ሰጠችኝ። ልብስ ሰፊዋ «አልሐምዱሊላህ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሳትነግሪን!» ብላ በሽንኩርት እጇ ጉንጬን ያዘችኝ። ካሴቱን እንደገና ከፈትነው፤ እኔም የዚያን ጊዜውን ጨምሬ ተቀበልኩ።

ሲደክመን ለማሲንቆ ተጫዋቹ መልሰን ደወልንና ከበሮ መቺው የት እንደሚገኝ ጠየቅነው። በጦርነቱ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት አፋር ሎጊያ ሆኖ ደውሎለት እንደነበር፣ ስልክ ከተመለሰ ወዲህ ግን ቁጥሩ እንደማይሠራ ነገረን።

ከቆቦ የወረደ፣ ረዘም ያለ፣ በቀኝ እጁ አውራ ጣት ላይ ጠባሳ ያለው፣ መጀመሪያ በመኪና ረዳትነት የሠራ ከበሮ መቺ ነው። አሁን ፀጉሩ ሸብቶ ይሆናል። ሎጊያም ይሁን ሌላ ቦታ ያያችሁት ካላችሁ፣ እባካችሁ ደህና መሆኑን ንገሩን።