ኢዶሳ በቀለም የጻፈው ቁጥር

በ1959 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው፤ ከዲጋ ወደ ነቀምት በሚመለሰው አውቶቡስ የኋላ ወንበር አገኘሁት። ክራቫት ያሰረ የአርባ ዓመት ሰው ነው። አፍንጫው በፋሻ የተሸፈነ ጎልማሳ ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር "ሾፌር፣ ኧረ ቀስ!" ይላል።

"ጋሼ፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫኑት?" አለው ረዳቱ።

"እንቁላልማ ቢሰበር ሌላ ይገዛል።"

ሰው ሲጨንቀው ጆሮ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከተማ እስክንገባ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈው።

ስሙ ኢዶሳ ነው፤ የአርጆ ሰው። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስምንተኛን ጨርሶ፣ ነቀምት አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሐኪሙ የጻፉትን በሽታ ከውጭ አገር ከመጣ ወፍራም መጽሐፍ እየፈለገ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ያሰፍራል። 802 የፊት አጥንት ስብራት ነው፤ አፍንጫም ጉንጭም መንጋጋም እዚያ ይገባል። "ሠርግ ሲበዛ 802 ይበዛል" ይላል፣ ሳቅ እያለ። 801 ግን አያስቅም፤ አንጎል የተቀመጠበት የራስ ቅል ወለል ሲሰነጠቅ ነው። በሽተኛው ተኝቶ እስካለ ቁጥሩ በእርሳስ ይቆያል፤ ሲሰናበት በቀለም ይጸናል።

ደረቱ ላይ ያስደገፈው ነመራ አናጢ ነው። ቆርቆሮ ሲመታ ከጣሪያ ወድቆ ሐሙስ መጣ። ሐኪሙ "የአፍንጫ አጥንት ስብራት" ብለው ጻፉ፤ በማግስቱ አሰናበቱት። እናቱ አዴ ሎሚ በካርድ ክፍሉ መስኮት ብቅ ብለው፣ "ከጧት ጀምሮ አፍንጫው ውሃ ውሃ ያፈሳል፤ ጉንፋን ደረበበት። ቤት ስንገባ ዳማከሴ እጨምቅለታለሁ" አሉ። ኢዶሳም "ይማርልዎ" ብሎ 802ን በቀለም ጻፈ። ጨዋታ የሚወድ ሰው ብዙ ይሰማል፤ የሰማውን ሁሉ ግን ልብ አይልም።

ልብ ያለው እሑድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መዝሙር መሀል፣ ከፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ ሲናፈጥ። አምና አንድ የ801 ካርድ ላይ ሐኪሙ የጻፉትን ራሱ ገልብጦ ነበር። ከአፍንጫ የሚፈሰው ጥርት ያለ ውሃ ከአንጎል ዙሪያ የሚመጣ ነው፤ በሽተኛው እንዳይናፈጥ፣ አፍንጫው ውስጥ ምንም እንዳይገባ ይላል። የዚያ ካርድ ባለቤት አልተረፈም። ኢዶሳ መዝሙሩ ሳያልቅ ወጥቶ ሆስፒታል ሮጠ።

ሐኪሙ አርጆ ለሥራ ሄደዋል፤ የሚመለሱት ሰኞ ነው። ተረኛዋ ነርስ ደመቀች ነበረች።

"አንተ ቁጥር ጸሐፊ ነህ ወይስ ሐኪም?" አለችው።

"ቁጥር ጸሐፊ።"

"እንግዲህ ከተሳሳትክ ሐኪሙን አሳጣህ፣ ራስህንም መሳቂያ አደረግህ። ካልተሳሳትክ ግን… ታዲያ እዚህ ተገትረህ ምን ትሠራለህ? ሂድ አምጣው!"

ያን ቀን መኪና አጣ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተሳፈረ። ዲጋ ደርሶ የነመራ ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ለቅሶ መሰለው። ለካ ጎረቤት ሊጠይቅ መጥቶ ነው። አዴ ሎሚ ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ልጃቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሮጦ እጃቸውን ያዘ።

"ማሎ አዴ፣ ማሎ! ይተዉት!"

"እንዴ! በልጄ አፍንጫ ምን አገባህ? ክራቫት ስታስር ዳማከሴ ከረፋህ?"

"ይሄ ጉንፋን አይደለም። ከዚህ በፊት ጨምቀውለታል?"

"ትናንት… አንዴ ብቻ" አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ።

ነመራ ዓይኑን ገለጠ። "ኦቦ ኢዶሳ፣ ውሃው ጉሮሮዬ ሲገባ ጨው ጨው ይለኛል" አለ።

ኢዶሳ ደግፎ ወደ አውቶቡሱ ወሰደው። ያቺ "አንዴ ብቻ" ናት አሁን አውቶቡስ ውስጥ ኢዶሳን የምታንገበግበው። አዴ ሎሚ ከፊታችን ተቀምጠው፣ ሳይዞሩ፣ "ያ ዋቅ፣ ያ ዋቅ" እያሉ አምላካቸውን ይጠራሉ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነመራን በቃሬዛ አስገቡት። እኔም እግሬ እምቢ ብሎኝ ቆየሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኢዶሳ ካርዱን ይዞ ወጣ። ሐኪሙ ውሃውን አይተው፣ ምንም ሳይቆጡ፣ ራሱን ከፍ አድርጎ እንዲተኛ አዝዘዋል። ይድናል አላሉም፤ አይድንም አላሉም። ካርዱ ላይ 802 ተሰርዟል፤ ከጎኑ 801 በእርሳስ ተጽፏል።

"አይዞህ፣ ደርሰህለታል" አልኩት፣ እጁን ጨብጬ።

"ቀለሙን ሳነሣ ቸኩዬ ነበር፣ ወንድሜ" አለኝ። "አሁን ግን አዴ ሎሚ መስኮቴ ላይ ቆመው ልጃቸው ላይ ምን እንዳዩ ሳይነግሩኝ ቀለም አልነካም።"