ሾፌር የሌላት ፒካፕ

ባለፈው ሳምንት ታናሿ ልጄ የልብስ ሳጥኑን ስትበረብር አንዲት ጥቁር ሪሞት አገኘች። ጥግዋ ተሰብሮ በፕላስተር ተጠቅልሏል። አንቴናዋ ከብስክሌት ጎማ የተነቀለ ሽቦ ነው።

«እማዬ፣ ይህ የምንድን ነው?» አለችኝ።

«የአጎትሽ ነው።»

«ምን ያንቀሳቅሳል?»

ሥራ እንዳለው ሰው ወደ ጓዳ ገባሁ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እርሻችን መተማ ውስጥ፣ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። መስከረም ወጥቶ ጥቅምት ሲጋመስ አገሩ ሁሉ የደረቀ ሰሊጥና የናፍጣ ሽታ ይሸታል። ከጎጃምና ከወሎ የመጡ አጫጆች ማጭዳቸውን ሲስሉ ድምፁ ጆሮ ያሳክካል። ሰሊጥ ታጭዶ ይታሰርና እንዲደርቅ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ያን ክምር ሂላ እንለዋለን። ሂላ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ ልጅ እንኳ በአጠገቡ አይሮጥም፤ ከተነካ ፍሬው ይረግፋል። የእኛ መሬት ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ የገባ ሰሊጥ ደግሞ አይለቀምም።

ከቁርቁራው ዛፍ ሥር አባባ የጣሏት አሮጌ ፒካፕ ነበረች። ዶሮዎች ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። ወንድሜ አስማረ እሷን ከዶሮዎቹ ተረከበ። ከእሱ ጋር ሐሚድ ነበር፤ በገንዳ ውሃ ሬድዮ የሚጠግን፣ ሙያውን ሱዳን ገዳሪፍ የተማረ፣ የአስማረ የልብ ጓደኛ። ሁለቱ ያቺን መኪና ያለ ሾፌር በሪሞት እናስኬዳለን ብለው ተነሡ። ማንም አላዘዛቸውም። ይችሉ እንደሆነ ማወቅ ፈልገው ብቻ ነው።

ክረምቱን በሙሉ ሠሩ። ከኻርቱም ከመጣች የልጅ መጫወቻ መኪና ሪሞቷንና ተቀባይዋን ፈቱ። የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ነቅለው በብስክሌት ሰንሰለት ከመሪው ጋር አገናኙት። ሌላ ሞተር ፍሬኑን በሽቦ እንዲስብ አደረጉ። ገመዱ ሁሉ የሚገናኘው በአንድ የወተት ጣሳ ውስጥ ነበር። እኔ መፍቻ አቀባይ ነበርሁ። አንድ ቀን አስማረ የጣሳውን ክዳን አንሥቶ አሳየኝና «የሺ፣ ልቧ ይህ ነው» አለኝ። ሐሚድ ደግሞ «ሪሞት የሚሠራው ዓይን እስካየ ድረስ ነው፤ ከዓይን የራቀ አይሰማም» ይል ነበር።

ሰው ሳቀባቸው። አጫጆቹ ባለፉ ቁጥር «አስማረ፣ ስትድራት ጥራን እሺ!» ይሉት ነበር። አባባ ግን አልሳቁም። አስማረን ጎንደር ያለ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቀብሎታል፤ ምዝገባው በዚያ ሳምንት ያልቃል። አባባ እርሻው ላይ እንዲቀር ነበር የሚፈልጉት። አንድ ማታ ራት በልተን ስንጨርስ እንዲህ አሉ፦

«ያቺ ነገርህ ሰው ሳይገባባት ከሂላው ወዲህ ያለውን የውሃ ጉድጓድ ዞራ ከተመለሰች ሂድ፣ ተማር። ካልተመለሰች ቅዠት ነበር ማለት ነው። ማጭድህን ትይዛለህ።»

«ሂላው ሳይነሣ?» አለች እናቴ።

«ወደ ሂላው አትደርስም» አለ አስማረ።

ሌሊቱን መኪናዋ ዞራ እንድትመለስለት ስጸልይ አደርሁ። ጠዋት ሁሉም ቁርስ ላይ ሳሉ እናቴ ከሚካኤል ያመጣችውን ጸበል በላስቲክ ጠርሙሱ ይዤ ወደ ቁርቁራው ሮጥሁ። በስመ አብ ብዬ ጎማዎቿን ረጨሁ። መሪዋን ረጨሁ። ከዚያ የጣሳውን ክዳን ከፈትሁ። ልቧ ይህ ነው ብሎኛል። ከሁሉ አብልጬ ልቧ ላይ አፈሰስሁት። ክዳኑንም በደንብ ገጠምሁት።

አጫጆቹም ጎረቤቱም ተሰበሰበ። አስማረ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ አስነሣት፤ መሄድ ስትጀምር በበሩ ዘሎ ወረደና ሪሞቷን ከሐሚድ ተቀበለ። መኪናዋ ብቻዋን ሄደች።

«ኧረ ሰይጣን ነው የሚነዳት!» አለ አንድ የጎጃም አጫጅ።

«ሰይጣን መንጃ ፈቃድ ከየት ያመጣል?» አለው የወሎው ጓደኛው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ዞረች። ሴቶች እልል አሉ። አባባ ሳይታወቃቸው ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ኩራት ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኔ በልቤ «ሚካኤል፣ አንተ ነህ» እላለሁ።

ከዚያ አስማረ ሊያቀናት ተጫነ። አልቀናችም። ዝም ብላ መዞሯን ቀጠለች። ፍሬን ተጫነ፤ አልያዘም። ሪሞቷን ከፍ አደረገ፣ ወደ ፊት ሮጠ፣ ደጋግሞ ተጫነ። «ቁሚ! ቁሚ!» ይላት ነበር፣ በአፉ። ፒካፗ ሂላው ውስጥ ገባች። አንዱን ረድፍ ጥላ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ጥላ ሦስተኛውን። አገዳው ጎማዋን ሲተበትበው ሞተሯ ጠፋ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሰሊጡ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር፤ እንደ ካፊያ እየሾለከ ወደ ስንጥቁ ይወርዳል።

ሐሚድ ቀድሞ ደረሰና ጣሳውን ከፈተ። ውሃ እጁ ላይ ነጠበ። እጁን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ። ባዶው ጠርሙስ እጄ ላይ ነበር።

«ምንድን ነው?» አለ አስማረ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ።

ሐሚድ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ወደ አባባ ዞረና «ማሌሽ፣ አያ እንየው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ጣሳው ውስጥ ያለው ብየዳ የእኔ ነው። አልያዘም።»

አባባ አልተቆጡም። ከአፈሩ ጋር አንድ እፍኝ ሰሊጥ አነሡና መልሰው በተኑት። «በል» አሉ አስማረን፣ «ነገ ማጭድህን ያዝ።»

እኔ ዝም አልሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዝም ማለትን ታውቃለች። አስማረ ከሐሚድ ጋር ተኳረፈ። «ሕይወቴን በአንድ ብየዳ አበላሸው» ይል ነበር። ይህን ሲል እየሰማሁ አደግሁ። ሁለት መኸር አጨደና በጋላባት ወደ ሱዳን ተሻገረ። ገዳሪፍ ትራክተር ላይ ሠራ፤ በኋላ ኻርቱም ገብቶ ጄኔሬተር ጠጋኝ ሆነ። ሪሞቷን ሲሄድ ለእኔ ትቷት ነበር። በደወለ ቁጥር «የሺ፣ ያቺ ሪሞት አለች?» ይለኛል። «አለች» እለዋለሁ። «ጠብቂልኝ» ይለኛል። ንገሪው ይለኛል ልቤ፤ አልነግረውም።

አግብቼ ከወለድሁ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። «ለእግዚአብሔር ነግረሻል። አሁን ለወንድምሽ ንገሪው» አሉኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ነበርና ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብዬ አቆየሁት። ከፋሲካው በፊት ኻርቱም ውጊያ ገባ። ደወለ፤ ከኋላው ተኩስ ይንጣጣል። «አስማረ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አልሁት። «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» አለኝ። ያ ነው የመጨረሻው።

ድንበሩ ላይ እስካለችው መተማ ዮሐንስ ድረስ ስንት ጊዜ ሄድሁ። ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ልጁን አዝሎ፣ በእግሩ ይሻገራል። ፎቶውን እያሳየሁ የእያንዳንዱን ፊት አየሁ። አንዱ ሌላ ቦታ አይቼዋለሁ አለኝ፤ ሌላው አንገቱን ነቀነቀ። አሁን አልሄድም። መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም፤ እግሬም አልታዘዝ አለኝ።

ለሐሚድ ግን ነገርሁት። ዓይኑ ደክሟል፤ ሱቁን ለልጁ ትቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። አልቅሼ ስጨርስ «አውቅ ነበር እኮ፣ የሺ» አለኝ። «ጸበል መሆኑ ስለገባኝ እጄን እንኳ አልጠረግሁም።»

«ለምን አልተናገርህም ታዲያ?»

«አንቺ ልጅ ነበርሽ። አስማረ ትልቅ ሰው ነው፤ ኩርፊያውን ትቶ ወደ እኔ ይመለሳል ብዬ ነው።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከማለት ሌላ ምን ልበለው? አልተመለሰለትም።

ስለ ሁሉም ተመስገን እላለሁ። ልጆቼ ከአጠገቤ ናቸው፤ ያልቀረልኝ ብዙ ሳለ የቀረልኝም አለ። ግን ጸሎቴን ስጨርስ ያቺ ጠዋት ትመጣብኛለች። ያኔ መኪናዋ አልሰማ ብትለንም ከዓይናችን ሥር ነበረች፤ ሮጠን ደረስንባት። ዛሬ ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም። ይቅርታ የምለምነው ሰው ከዓይን ርቋል፤ ከዓይን የራቀ ደግሞ አይሰማም።

በዚያው ዕለት ማታ ልጄ ሪሞቷን ይዛ መጣች። «አትሠራም እኮ» አለች። ከግድግዳ ሰዓቱ ባትሪ አውጥቼ አስገባሁላት። ቀይዋ መብራት በራች። ልጄ ትንሽ ተጫነቻት፣ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች፣ ምንም አልተንቀሳቀሰምና ሰለቻት።

ተቀብያት በነጠላ ጠቀለልኋትና ሳጥኑ ውስጥ መለስኋት። ጠብቂልኝ ብሎኛል።