የአትጠገብ ብርጭቆዎችና የእናቴ ዓይን

ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ባለቤቴ አትጠገብ የወይን ብርጭቆዎቿን አጥባ ፎጣ ላይ ደረደረቻቸው። ሁለቱን አደረቀች። ሦስተኛውን ልታነሳ ስትል ራሴን አመመኝ ብላ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ከዚያ አልተመለሰችም። በሞተችበት ሰዓት ላይ እዚያ የነበሩት ሰዎች አይስማሙም፣ ስለዚህ አልጽፈውም። የተረፉት ብርጭቆዎች እንደቆሙ በራሳቸው ደረቁ፤ እሷ የምትጠላው የጠብታ ምልክት ታተመባቸው።

በለቅሶው ሰሞን ስለ እሷ የተባለው ሁሉ ትክክል አይደለም። ትዕግሥተኛ ነበረች ተባለ። አልነበረችም። እየበላች ከገበታ የምትነሳ፣ ጸሎት ላይ እንኳ እግሯ መሬቱን የሚመታ ሴት ነበረች። ጎረቤታችን መሪማ፣ “ትዕግሥቷን በሙሉ ለብርጭቆ ሰጥታ ለእኛ ምንም አላስተረፈችም” ሲሉ ለቀስተኛው ሳቀ። ለእውነቱ የቀረቡት እሳቸው ናቸው።

ሥራዋ ዲላ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያንነት ነበር። ቀን የተማሪ ጣት ያቆሸሸውን መስታወት ታጥባለች፤ ቤት ስትገባ የራሷን። ብርጭቆዎቹን ለሠርጋችን የሰጧት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። እግራቸው ረጅም፣ ከንፈራቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። እኛ የወንጌል አማኞች ስለሆንን ቤታችን ወይን አይገባም፤ በበዓል ብርዝ እንቀዳባቸዋለን። ማሩ ከሥር ተጣብቆ ስለሚቀር ደግሞ እጥበታቸው ከወይንም ይብሳል።

የቧንቧው ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ይተዋል ትል ነበር። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው እስኪታጠብ ቆይታ ንጹሑን በባልዲ ትጠልፋለች፣ ለብ ታደርገዋለች። አንዱ ቢያመልጣት እንዳይመታ ሳፋው ውስጥ የታጠፈ ፎጣ ታነጥፋለች። ሁለት ብርጭቆ አብሮ ሳፋ አይገባም። ላርጎ አንዲት ጠብታ ትበቃለች፤ ስፖንጁም የእነሱ ብቻ ነው፣ ቅቤ የነካው አይቀርባቸውም። ካለቀለቀች በኋላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳዋለች። ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከቆመ ገና ነው፤ እንደ ስስ ሻሽ ተያይዞ ከወረደ ጸድቷል። ስታደርቅ ሆዱን በመዳፏ ደግፋ ብዙ ጊዜ በታጠበ የነጠላ ቁራጭ ትወለውላለች። እግሩን በአንድ እጅ፣ ሆዱን በሌላው ይዞ መጠምዘዝ አይፈቀድም። ቡፌው ውስጥም አፋቸው ወደ ላይ ነው፤ ከተደፉ የእንጨቱ ሽታ ይታፈንባቸዋል።

ከፋሲካ በፊት እናቴ ማሚቱ የዓይን ሞራ ተገፍፎላት ከአገሯ ከጨለለቅቱ እኛ ዘንድ መጣች። ሐኪሙ ለቀጠሮው እስክትመለስ ጠብታው ሳይቋረጥ፣ ጭስና አቧራ ሳያገኛት፣ ውሃም ዓይኗን ሳይነካ እንድትቆይ አዘዘ። ይህ ካልሆነ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል አለ። እናቴ ደግሞ በዕድሜዋ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ የማታውቅ የገጠር ሴት ናት። ጠዋት ስትነሳ ቡናዬ አረም ወረሰው ትላለች፣ ከሰዓት እንሰቴን ማን ያይልኛል ትላለች፣ ማታ ሻንጣዋን ትጠይቃለች። ሁለት መቀመጥ የማይሆንላቸው ሴቶች አንድ ቤት ገቡ። አትጠገብ ከትምህርት ቤት በዕረፍት ሰዓት ሳይቀር እየተመለሰች እናቴ መኖሯን ታረጋግጥ ነበር፤ አንድ ቀን ባዶ ቤት አገኛለሁ ብላ ፈርታለች።

በፋሲካ ማግስት የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ከሁለቱም ሰምቼ አመሳክሬዋለሁ። እንግዶች ብርዝ የጠጡባቸው ብርጭቆዎች ሳይታጠቡ አድረው ነበር። አትጠገብ መሪማ ቤት ዕቃ ልትመልስ ወጣ ስትል፣ እናቴ ልርዳት ብላ አጠበቻቸው። ለከበረ ዕቃ የሚደረገውንም አልነፈገቻቸውም፤ የወይራ ስንጣሪ በፍም ላይ አድርጋ እንደ ወተት ዕቃ አንድ በአንድ አጠነቻቸው። አትጠገብ ስትገባ ቤቱ ጭስ ነው። እናቴ ፍሙ ላይ አጎንብሳ፣ የታከመው ዓይኗ እንባ ያፈስሳል፣ ብርጭቆው በእጇ ጠቁሯል።

አትጠገብ ብርጭቆውን ነጠቀቻትና፣ “እማዬ፣ ማን ይንኩ አለዎት?” አለች።

እናቴ ፍሙን በአመድ አዳፈነች። ለወተት ዕቃ የሰጠሁትን ለብርጭቆሽ ብሰጥ ጥፋት ሆነ ወይ አለችና ልብሷን ቋጥራ፣ ዝናቡ ሲያባራ እሄዳለሁ ብላ ቋጠሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

አትጠገብ ጓዳ ገብታ ጥላሸቱን ማሸት ጀመረች። እጇ ይቸኩላል፣ ጆሮዋ ቆርቆሮው ላይ ነው፤ ዝናቡ እየቀነሰ ነበር። እግሩን በአንድ እጅ፣ ሆዱን በሌላው ይዛ ጠመዘዘች። ቀጭ አለ።

ከበሩ አጠገብ የእናቴ ድምፅ መጣ። “አሁንስ እኔ አልነካሁም።”

አትጠገብ ሳቀች። ሳቋ ሲረዝም ወደ ለቅሶ ሄደ፤ ጣቷም ይደማ ነበር። እናቴ ቋጠሮዋን ትታ ገባች፣ ቁስሉን በዳበሳ ፈልጋ በጨርቅ አሰረችላት።

“እማዬ፣ ብርጭቆ ገበያ ላይ አለ፤ ዓይን የለም” አለች አትጠገብ። “የተቆጣሁት ጭሱን ነው።”

“ታዲያ እንደሱ አትይም?”

“አፌ ቀደመኝ።”

“አፍሽ ሁሌ ይቀድማል። እኔ እንግዳ ሆኜ አልቀመጥም፣ ሥራ ስጪኝ።”

ውሃ መንካት ስለማትችል ማድረቁ የእሷ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ያልጠጣባቸው ብርጭቆዎች በየማታው ከቡፌ ይወጡ ነበር። አትጠገብ ታጥባለች፣ እናቴ ትወለውላለች። ዓይኗ ገና ስለሆነ በጣቷ ነበር የምትፈትሸው፤ የጸዳ ብርጭቆ ሲታሽ ሲጥ ይላል። ሲጥ ካላለ፣ “ይቺ ገና ናት” ብላ ትመልሳለች፤ አትጠገብ ጸድቷል ብላ ትከራከራለች። የብርጭቆዎቹ ቅርጽም ለእናቴ አልተዋጠላትም። “እግሯ እንደ ሽመላ፣ ሆዷ እንደ እርጉዝ፤ ይቺን ማን ያገባታል?” ትላለች። አትጠገብም ዓይንዎ ሲድን እኛው እንድራታለን ብላ ትመልሳለች። ሻንጣው የሚጠየቅበት ማታ ቀነሰ እንጂ አልቀረም። አትጠገብም ከሥራ ስትመለስ በሩን ሳትከፍት እማዬ ብላ መጣራቷን አልተወችም።

ዓርብ ግንቦት 15 የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሐኪሙ በትንሽ መብራት ካየ በኋላ ዓይኑ ድኗል አለ፤ ጠብታው ትንሽ ይቀጥል፣ አገሯም መግባት ትችላለች። እናቴ እስከ ማግስቱ እንኳ እደሪ ብትባል እምቢ አለች። አትጠገብ ከመድኃኒት ቤት ጠብታውን ገዝታ በቀጥታ መናኸሪያ ወሰደቻት። ለጨለለቅቱ በሚጫነው ሚኒባስ ውስጥ አቧራ የማይደርስበትን መቀመጫ መረጠች፤ ቦታው ተይዟል ካለው ረዳት ጋርም ተጨቃጭቃ አስለቀቀች። ጠብታውን በእናቴ ነጠላ ጫፍ ቋጠረችላት፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ገበያው አፍ ላይ እንዲያወርዳት ለረዳቱ ነግራ ወረደች። በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆዎቹን አጥባ ማድረቅ የጀመረችው ብቻዋን ነው።