አለቃዬ ደሴት፣ እኔ ዲላ

ሥራ የጀመርኩት ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ፣ ክረምቱ በገባበት ሰኞ ነው። የሥራ ዘመኔ በጠቅላላው ሁለት ክረምት ነው። አትሳቁ፤ የማውቀውን ልጽፍ ነው።

ያገናኙን የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ናቸው። አለቃዬ ሕይወት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ስትደውልልኝ "ባሕር ዳር ተቀምጬ ነው የምሠራው" ስላለችኝ ከተማዋ መስላኝ ስለ ጣና ጠየቅኳት። ለካ ዛንዚባር የሚባል ደሴት ላይ፣ እውነተኛ ባሕር ዳር ናት። "እርስዎ" ስላትም ሳቀች። "ማሚዬ፣ ገና ሠላሳ አልሞላኝም፤ አንቺ በይኝ።"

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት በጌዴኦ ገጠር ያሉ የኮንጋና የወርቃ እናቶችን በስልክ ይቀዳል። ድምፁ ለሕይወት፣ ከእሷ ደግሞ ለእኔ ይላካል። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ኢንተርኔት ቤት ኢርፎን ሰክቼ አንዴ ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ሁለተኛ እተይባለሁ፣ ሦስተኛ አርማለሁ፣ ከዚያ ስለ ልጆቻቸው የሚጠይቅ ቅጽ እሞላለሁ። እሷ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰዋለች።

መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ወዳለው ካፌ፣ እዚያ ኔትወርክ ሲሞት በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር። እናቴ በየጠዋቱ ቢሮሽ ዛሬ የት ነው እያለች ታሾፍብኛለች። ሕይወትም አትረጋም፤ በየወሩ ቤት ትቀይራለች፤ ስትደውል አንዴ ማዕበል፣ አንዴ የጎረቤት ዶሮ ይሰማል። እኔ ደግሞ ቅጹን ትቼ የደሴቷን ፎቶ እከፍታለሁ። ወንበሩ ያቃጥለኛል።

ቅጹ ቀልድ አልነበረም። ድርጅቱ ስምንተኛን የጨረሱ ሴት ልጆች ይርጋጨፌ ቤት ተከራይቶላቸው እንዲማሩ ሊረዳ ነው። ጾታ የሚለው ሣጥን ውስጥ "ወ"፣ ማለትም ወንድ፣ የተጻፈበት ከዝርዝሩ ይወጣል።

የኮንጋዋ ወይዘሮ አየለች "በረከት ስምንተኛ ጨረሰ፣ ጎበዝ ነው" ብለዋል። "ወ" ብዬ ሞልቼ ላክሁ።

ሐሙስ ጠዋት የዘለልኩትን አንድ ቃል ለመሙላት ድምፁን እንደገና ከፈትኩ። ወደ መጨረሻው ወይዘሮ አየለች "እናቴ አምና ሞተ" ይላሉ።

እናቴ ሞተ! መልሼ ሰማሁት። የሴትዮዋ አፍ መፍቻ ጌዴኦኛ ነው፤ በእሳቸው አማርኛ እናትም "ሞተ" ከተባለች፣ በረከትስ? ስሙ ለወንድም ለሴትም ይወጣል፤ በእኛ ክፍል ብቻ ሁለት አሉ፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት።

ዝርዝሩ በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ለድርጅቱ ይላካል። ሕይወት በጀልባ ወደ ሌላ ደሴት እየተሻገረች ስለነበር ስልኳ አይሠራም። ሳልደውልልሽ እንዳትልኪ ብዬ ጻፍኩላትና ይርጋጨፌ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ ኮንጋ ድረስ በሞተር ሄድኩ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ።

ወይዘሮ አየለች ከመንደሩ ቡና ማጠቢያ በላይ ካለው ቤታቸው እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው።

"እትዬ፣ በረከት ወንድ ነው ሴት?" አልኳቸው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ይሄን ልትጠይቂ ነው ከዲላ የመጣሽ? ሴት ነው።"

በረከት ከጓሮ ወጣች፤ ረጅም፣ ዓይነ አፋር። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ስሜ ገባ?" አለችኝ።

"ይገባል" አልኳት። እርግጠኛ አልነበርኩም።

ኔትወርክ ፍለጋ ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ሕይወት ያነሳችው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

"በረከት ሴት ናት።"

"በምን አወቅሽ?"

"ኮንጋ ነኝ። አየኋት።"

ዝርዝሩ ገና እጇ ላይ እንዳለ፣ እንደምታስተካክለው ነገረችኝ። መንገዱ ላይ ዘለልኩ። እየዘለልኩ ሳለሁ ነው "ሌላ ስንቱን እንዲህ በግምት ሞልተሻል?" ያለችኝ።

ከድርጅቱ እስከ ሰኞ አስፈቀደችልኝና ሁሉንም ከመጀመሪያው ሰማሁ። ሁለት ስም አጠራጠረኝ፤ ቅዳሜ ወርቃ ሄጄ ጠየቅሁ። ሁለቱም እንደሞላሁት ወንዶች ሆነው ተገኙ። ሕይወት ስቃ አላባራችም። በረከት በመስከረም ይርጋጨፌ ትምህርት ጀመረች።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ የሰማችሁትን እንደሰማችሁት ጻፉ። ጾታውን ግን ከግሱ ተነስታችሁ አትሙሉ። ጠይቁ።