የሰሞኑን ቀጠሮ

ልብስ ሰፊውን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው የለም። ሰፈሩ ሁሉ ሰሞኑን ይለዋል። ሱሪ ቢያሳጥሩ፣ ኮት ቢያሰፉ መልሱ አንድ ነው፤ ሰሞኑን ይደርሳል። አንዷ ደንበኛማ ላም አለኝ በሰማይ ብላ ተርታበት ሄዳለች። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቀን ቆርጦ መናገር ብቻ ያስፈራዋል።

ሐሙስ ሐሙስ አመሻሹ ላይ ሴት ልጁ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሱቁ ውስጥ መቁረጫ ጠረጴዛውን ከብበው ይቀመጣሉ። አንዱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ አንዷ ፋርማሲ ትሠራለች። ሦስቱም ክሊንጎን የሚባል ቋንቋ ይማራሉ። የየት አገር ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ለፊልም ጦረኞች ተብሎ የተፈጠረ ነው፣ አገር የለውም አሉት። ታዲያ ከማን ጋር ልታወሩበት ነው? እርስ በርሳችን። ያን ዕለት ግራ እንደገባው ቀረ።

የዛሬው ክርክር ደግሞ ጦፏል። አንድ ተረት ሲተረጉሙ መጀመሪያው «ድሮ» ላይ፣ መጨረሻው «አንድ ቀን» ላይ ተሰናክለዋል። የክሊንጎን ግሥ ኃላፊና ትንቢት አይለይም አሉ፤ ከስንት ቀን በፊት፣ ከስንት ቀን በኋላ ተብሎ በቁጥር ነው የሚነገረው። ሹፌሩ አንድ ትልቅ ቁጥር ጽፈን እንገላገል አለ። ፋርማሲስቷ ተረት የመድኃኒት ማዘዣ አይደለም፣ ብዙ ዓመት ማለት ይበቃል ብላ ተቆጣች። ልጁ ሁለቱንም አልተቀበለችም። ላልነበረ ድሮ እንዲህ መጣላት ምን ይሉታል? ነገሩ ለልብስ ሰፊው አልዋጥ አለው።

ክሩን መርፌ ውስጥ ሊያስገባ ቢሞክር ጫፉ ቀዳዳውን ስቶ አለፈ። ምራቁን አስነክቶ ደገመው። አሁንም ሳተ። ዓይኑ ከደከመ ሰንብቷል፣ ለማንም ግን አልተነፈሰም። ዓይኑ ከሄደ እንጀራውም ሄደ ማለት ነው። ልጁ ነቅታበት ሐኪም ቤት እንሂድ ብላው ነበር፤ ምን ብሎ እንደመለሰላት መገመት አያቅትም።

ሹፌሩ ዳኛ ፍለጋ ወደ እሱ ዞረ። «አባባ፣ እርስዎ ሰሞኑን ሲሉ ስንት ቀን ማለትዎ ነው?»

ልብስ ሰፊው አሰበ። ሳምንት ሊል ከጀለው፤ ግን ያን ሰማያዊ ኮት የተቀበለው ብርዱ ሳይገባ ነበር፣ አሁን ብርዱ ወጥቷል። ወር እንዳይል ደንበኛ ይሸሻል። ዕድሜ ልኩን ሲናገረው የኖረ ቃል እንዲህ ያምታታኛል ብሎ አላሰበም። እንደ ልብሱ ነው አለ በመጨረሻ፣ ለራሱም ሳይገባው። እንግዶቹ ሳቁ።

ልጁ አልሳቀችም። «ለዓይንህስ፣ አባዬ? ለዓይንህ ስንት ቀን ነው?»

ቀና ብሎ አያት። ከጠረጴዛው ማዶ ናት፣ ሩቅ አይደለችም፤ ፊቷ ግን ጭጋግ ሆኖበታል። ስታለቅስ ይሁን ስትቆጣ መለየት አልቻለም። ያኔ ፈራ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስትጠይቀው ድሮ ሊላት ቃጣውና ተወው።

«በዚህ በእናንተ ቋንቋ ነገን ምን ትሉታላችሁ?» አለ።

«ዋሌስ» አሉት ሦስቱም በአንድ አፍ። በዚህኛው ክርክር አልነበረም።

«ዋሌስ» አለ እሱም፣ አፉ ላይ እየከበደው፤ መርፌና ክሩንም ለልጁ ዘረጋላት።